ለሆመቾ የተላከው ፖስተር

አጵሎስ የስኬትቦርድ ውድድሩን ፖስተር ሊያሠራ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። የስፖርት መምህር ነው፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሆሳዕና ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ልጆችን ስኬትቦርድ፣ በባለ ጎማ ሰሌዳ ላይ ቆሞ መንሸራተትን፣ ያሠለጥናል። እኔ የባለቤቴን የኤሊያስን የማስታወቂያ ሥራ ቤት ከያዝኩ ሦስት ዓመቴ ነው። በሩ ላይ ያለው ስም አሁንም የእሱ ነው።

የመጀመሪያውን ንድፍ በአንድ ሰዓት ጨረስኩት። ከላይ ወርቃማ ጨረር፣ ከታች የስድስት ልጆች ፊት በክብ በክብ፣ መሃል ላይ ጥላ ያለው ትልቅ ጽሑፍ። አጵሎስ ስክሪኑን አይቶ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«እህት ሀኒ፣ ይሄ እኮ የፈውስ ኮንፈረንስ ነው! ሰው በሽተኛውን ተሸክሞ ይመጣል።»

«ከአሥር ሥራ ስምንቱ ኮንፈረንስ ነው፤ እጄ የለመደው እሱን ነው» አልኩት።

«እኔ ደግሞ ዘማሪ የለኝም። ሐዳሳ ብቻ ትበቃኛለች።»

ሐዳሳ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ከቡድኑ ሴት እሷ ብቻ ነበረች፤ ዘንድሮ እሷን አይተው ሦስት ሴት ልጆች ተመዝግበዋል። እናቷ ገነቴ በሰው ፊት እንድትወዳደር የፈቀደችው ከስንት ወር ልመና በኋላ ነው።

አጵሎስ ስልኩ ላይ የውጭ አገር ፖስተሮች አሳየኝ። ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ አንድ ሰው፣ የቀረው ባዶ ቦታ። ከላከልኝ ፎቶዎች መካከል ሐዳሳ ቀጥ ብላ ቆማ ሩቅ የምታይበትን መረጥኩ። ቦርዱ ከእግሯ ሥር ነበር፤ ደብዝዞ ስለወጣ ከደረቷ በታች ያለውን ቆረጥኩት። ከፎቶው ሥር ስሟን በትልቁ ጻፍኩ፤ ከዚያ «ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት»፣ ከዚያ ቦታውን። «የስኬትቦርድ ውድድር» የሚለውን አጵሎስ ትንሽ ይሁን ስላለ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ስሟን ሁለት ሚሊሜትር ወደ ላይ አነሣሁት፣ መልሼ አወረድኩት። አምሮ ነበር። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ከሠራሁ ቆይቻለሁ።

«ኢንተርናሽናል!» አለ አጵሎስ።

አርባ አተምን። አምስቱን በሚኒባስ ወደ ጎረቤቷ ሆመቾ ከተማ ላካቸው፤ እዚያ ገበያው አጠገብ ሱቅ ያለው ጁነዲን የሚባል ወዳጅ አለው።

ጁነዲን ጥቅልሉን ሲፈታ ያየው የገነቴን ልጅ ፎቶ፣ ስሟን፣ ቀንና ሰዓት ነው። ገነቴ የሆመቾ ልጅ ናት፤ ቤተሰቧን የማያውቅ የለም። ጥጉ ላይ ያለችውን ጽሑፍ ልብ አላላትም። ወረቀቱን የለቅሶ ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ምሰሶ ላይ ለጠፈው፣ ሬዲዮውን አጠፋ፣ የሱቁን አንዱን በር ዘጋ። ይሄን ሁሉ ያደረገው በአክብሮት ነው።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ገነቴ ሱቄ ገባች። ከኋላዋ ታላቅ እህቷና ሌሎች አራት ሴቶች አሉ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሐዳሳ በትምህርት ቤት ዩኒፎርም መሃላቸው ቆማለች። አክስቷ የእጇን አንጓ ይዛ አልለቅም ብላለች።

«ከሆመቾ እያለቀሱ ደጄ ደረሱ» አለች ገነቴ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ጠዋት በእጄ ቁርስ የሰጠኋትን ልጅ። እስከ ትምህርት ቤቱ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። እስከዚያ ድረስ ለእኔ ሞታለች።»

ወንበር ሳብኩላት።

«ፎቶው ላይ እንኳ አትስቅም!» አለች አክስቷ።

«አክስቴ፣ እስከ ገበያው ነው ያለቀስሽልኝ ወይስ እስከ ሆሳዕና?» አለች ሐዳሳ።

«ዝም በይ አንቺ! ሚኒባሱ ሙሉ ነው ያለቀሰልሽ። ሹፌሩ ሳይቀር።»

አጵሎስ ስደውልለት እየሮጠ መጣ። ገነቴ አላስጨረሰችውም። «አንተ፣ ልጄ ቅዳሜ አትወጣም። ተለቅሶላት ሳያበቃ በአስፋልት ላይ አትንከባለልም። አለቀ።»

ሐዳሳ ቀልዷን ተወች። ከንፈሯን ነክሳ ወደ እኔ አየች እንጂ አልለመነችም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ላፕቶፔን ይዤ ገነቴ ቤት ሄድኩ። የመጡት ሴቶች ገና አልሄዱም፤ እራት እየቀረበላቸው ነበር። ገነቴ ተቀመጪ አለችኝ።

«የፖስተሩን አቀማመጥ ከየት እንዳመጣሁት ልንገርሽ» አልኩ። «ለኤሊያስ ቀብር የሠራሁት ነው። ፎቶ፣ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። ለሌላውም ሰው ለቅሶ ያንኑ ነው የማስተካክለው። ሰኞ ዕለት ሳላስበው እዚያው ላይ ሠራሁት።»

ገነቴ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «የዚያን ቀን ፎቶውን የመረጥነው እኔና እናቱ ነን። አንቺ ማየት አልቻልሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ የልጄን ፎቶ ማን አስመረጠኝ?»

«ማንም።»

ላፕቶፑን ከፍቼ ወደ እሷ አዞርኩት። ስልሳ ያህል ፎቶ ነበር። ገነቴ አንድ በአንድ እያየች ታልፋለች። የሐዳሳ አክስት ከገነቴ ትከሻ በላይ እያየች ድንገት ጣቷን ስክሪኑ ላይ ተከለች። ሐዳሳ ልትወድቅ ነው፤ አንድ እግሯ ቦርዱ ላይ፣ አንዱ አየር ላይ፣ ጸጉሯ ተፈትቷል፣ አፏ እስከ ጥግ ተከፍቷል።

«ይሄን!»

«እጇ ጠርዙ ላይ ተቆርጧል። ደግሞ ደብዝዟል» አልኩ።

«ለምንድነው የደበዘዘው?»

«እየተንቀሳቀሰች ስለተነሣች።»

«እኔስ ምን አልኩ? ትንቀሳቀስ!»

ገነቴ ፎቶውን ቆይታ አየችው። «ይሄን አትሚ» አለች። «ወደ ሆመቾ ግን ሐዳሳ ራሷ ትውሰደው። ሰው በዓይኑ ይያት። ከዚያ ስለ ቅዳሜው እናያለን።»

ሐዳሳ ከጓዳ ብቅ አለች። «ነገ?»

«ነገ ከትምህርት በኋላ። ከአክስትሽ ጋር። አንቺ ደግሞ ግድግዳ ጥግ ቆመሽ ስትሰሚ ነበር?»

«ስለ እኔ ሞት ነዋ የሚወራው!»

ያን ምሽት ሱቅ ተመልሼ አዲስ ገጽ ከፈትኩ። «የስኬትቦርድ ውድድር» የሚለውን ከላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በቀይ አደረግኩት። ፎቶውን አልቆረጥኩትም። ስሟን አነስ አድርጌ ወደ ጎን ወሰድኩት። አጵሎስ ጠዋት ሲያየው «ትንሽ አልጮኸም?» አለ።

«ይጩህ» አልኩት።

ሐሙስ አሥር ሰዓት አልፎ ገነቴ ሱቅ መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች። ስልኳ ሲጠራ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እማዬ፣ ሰዉ ሁሉ እጄን እየዳበሰ ነው!» አለች ሐዳሳ። ከጀርባዋ የገበያ ጫጫታና የአክስቷ ድምፅ ይሰማል። «ጁነዲን ይቅርታ ጠይቂልኝ ብሏል። የቀድሞውን ፖስተር ራሱ ነው የላጠው። አሁን ደግሞ ካልነዳሽ አላምንም እያለ ነው። ሱቁ ፊት ለፊት አስፋልት አለ። ልንዳ?»

ገነቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወረቀት መቁረጤን ቀጠልኩ፤ መልሱ የእሷ ነው።

«መኪና አለ?»

«አክስቴ መንገዱ መሃል ቆማለች። ማን ያልፋል?»

«ሄልሜትሽን አድርገሻል?»

«አድርጌያለሁ።»

ገነቴ ስልኩን አንሥታ ወደ አፏ አስጠጋችው። «እንግዲያው ንጂ» አለች። «ስልኩን ግን አትዝጊው።»