ለአንገቷ የሚመጥን ድንጋይ

ዐቢይ ጾም በገባ በሳምንቱ ማንጠግቦሽ ማደግ ጀመረች። ዕድሜዋ ስድሳን አልፏል። መጀመሪያ ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ቀረ፤ ቀጥሎ የገዛ ቤቷን በር ጎንበስ ብላ መግባት ጀመረች። በደብረ ዘይት እሑድ፣ ጣራዋ ላይ የተሰጣውን በርበሬ መሬት ላይ ቆማ ስታገላብጥ ታየች። ሰፈርተኛው «እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው» ብሎ ወደ ጉዳዩ ሄደ።

ነገሩ ያንገበገባት አጥር የምትጋራትን ይርገዱን ነው። ይርገዱ ምክንያት ነበራት። ባለፈው ዓመት፣ በባሏ በአቶ ደባልቄ ተዝካር ላይ፣ ማንጠግቦሽ የእሷኑ ወጥ እየጎረሰች «ደባልቄን በሽታ አልገደለውም፤ የይርገዱ ምላስ ነው የገደለው» ብላለች። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ካህናቱ ሳይቀሩ ከንፈራቸውን ነከሱ። ምላሷ ባል ገደለ በተባለበት ድንኳን ይርገዱ ምን ብላ ትመልስ? ብቻ ማታውን «ይህቺ ሴት ግንባሯ ደጄ ላይ አፈር ሳይነካ እኔ አልሞትም» ብላ ማለች።

ጾሙ ሲገባ ስግደቷን ሁሉ ለዚሁ አደረገችው። ጎህ ሲቀድ ትነሳለች፤ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ግንባሯን መሬት እያስነካች «ወለተ ሰንበትን አዋርድልኝ» ትላለች። ወለተ ሰንበት የማንጠግቦሽ የክርስትና ስም ነው። ያለ ክርስትና ስም የተጸለየ ጸሎት መንገድ ላይ እንደሚቀር ይርገዱ ታውቃለች፤ እሷ ደግሞ ሥራዋን ግማሽ ላይ የምትተው ሴት አይደለችም።

ራሷ ግን አንዲት ጣት አልጨመረችም። ይህ ቆረቆራትና የንስሐ አባቷን ቄስ መርሻን ጠየቀች።

«አባቴ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማልቀምሰው እኔ፤ የምታድገው እሷ! ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?»

«በማን ስም ነው የምትሰግጂው?»

«በወለተ ሰንበት።»

«እንግዲያ ለእሷ ደርሷል። በመንፈስ እያደገች ነው።»

«ኧረ እኔስ እንዲያዋርድልኝ ነው የምሰግደው!»

«በስሟ ሰግደሻል፣ ይርገዱ። ተዪው ይቅርብሽ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሟትና ወደ ቅዳሴያቸው ገቡ። ይርገዱ ቤቷ ሄዳ አሰበችበት። ከዚያ ስግደቱን እጥፍ አደረገችው።

በሆሳዕና ማንጠግቦሽ በቤተ ክርስቲያኑ በር መግባት አቃታት። ቅዳሴውን ውጭ ቆማ፣ ጆሮዋን ጉልላቱ አጠገብ አድርጋ ሰማች። ቤቷም አልበቃት ብሎ ሜዳ ላይ ማደር ከጀመረች ሰንብታለች። ይርገዱ «እሰይ!» አለች። የማንጠግቦሽ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር።

«አባቴ፣ ለፋሲካ ልቁረብ፤ በመሰላል ወጥተው ያቀብሉኝ» አለች።

«መሰላሉስ አለ» አሉ ቄስ መርሻ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሰብረው። «ከይርገዱ ሳትታረቂ ግን አላቆርብሽም።»

ማንጠግቦሽ አለቀሰች። በታችኛው ሰፈር ልብስ ያሰጡ ሴቶች ልብሳቸውን ሰብስበው ገቡ።

ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎች ይርገዱ ቤት ተላኩ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ወንዳፍራሽ ተናገሩ።

«እህቴ ይርገዱ፣ ሴትዮዋ ተፀፅታለች። አፌን ነው የሳትኩት ትላለች። ሰሞነ ሕማማት ነው፤ ይቅር በያት።»

«በወጉ ድንጋይ ተሸክማ እግሬ ላይ ትውደቅ።»

«ትወድቃለች።»

«ጠጠር አንጠልጥላ እንዳትመጣብኝ! ለአንገቷ የሚመጥን ድንጋይ ይሁን።»

አቶ ወንዳፍራሽ በመስኮቱ ሜዳውን ተመለከቱ። «አስበሽበታል?»

«ዓመት ሙሉ አስቤበታለሁ። ደግሞ እዚሁ ደጄ ላይ፤ ሌላ ቦታ አልቀበልም።»

«ደጅሽ ጠባብ ነው እኮ።»

«ስትሰድበኝ መች ጠበባት?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ተነሱ።

በቀዳም ሥዑር ጠዋት ማንጠግቦሽ መጣች። ከወንዙ ማዶ የነበረውን፣ ዝናብ ሲመጣ ከብት የሚጠለልበትን ቋጥኝ ነቅላ ማጅራቷ ላይ አድርጋዋለች። ጎረቤቱ ዶሮውን፣ አልጋውን፣ መነሳት ያቃታቸውን አንድ ሽማግሌ በቃሬዛ እያወጣ ከአጥሩ ራቀ። አንዷ ስታልፍ ቆም አለች።

«እትዬ ይርገዱ፣ አይወጡም እንዴ?»

«ይቅርታ የምጠየቀው እኔ፤ ወዴት ነው የምወጣው?»

ይርገዱ እግሯን ታጥባ ደጇ ላይ በዱካዋ ተቀምጣለች። የታጠበችበት ገበቴ ባዶውን አጠገቧ አለ።

«ይቅር በዪኝ» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። የጣራው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ።

ማንጠግቦሽ ተንበረከከች፤ የአጥሩ ባሕር ዛፍ ከጉልበቷ ሥር ተሰበረ። ፀሐይዋ ጠፋች። ግንባሯ በቀስታ መውረድ ጀመረ።

«ዝቅ በይ» አለች ይርገዱ።

ዝቅ አለች።

«ገና ነሽ። ዝቅ በይ።»

ከማንጠግቦሽ ግንባር አንድ የላብ ጠብታ ወርዶ ገበቴውን ሞላው። ቋጥኙ ላይ ጎጆ የሠሩት ርግቦች አንድ ላይ ተነስተው በረሩ። ይርገዱ በጨለማው ውስጥ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ለመሳም እንዲመችም ቀኝ እግሯን ዘረጋች።