የኋሊት የሮጠችው መኪና

ፀጉር ቆራጩ አንድ ጊዜ የአንበሳ ጎፈሬ አስተካክያለሁ ብሎ የማለ ሰው ነው። አንበሳው «ከጎን ከጎን ብቻ ቀነስ አድርግልኝ» ብሎት ነበር አሉ። እንዲህ ያለ ሰው፣ ልጁ «አባዬ፣ በነፋስ ግፊት የምትሄድ መኪና መሥራት እንችላለን?» ስትለው ምን ይላል? «እሱማ ለእኔ ቁርስ ነው!» አለና አረፈው።

ልጅቱን ሰፈሩ ችንካር ይላታል፤ አንዴ ከያዘች አትነቀልም። በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ አንድ ቦታ ቀርቷል። ነገ መኪናዋ ወደ ፊት ሄዳ ነጩን መስመር ካለፈች ቦታው የእሷ ነው፤ ካላለፈች ለተረኛው ልጅ ይሰጣል።

አሠራሩን የሚያሳይ ቪዲዮ ከአንድ የልጆች የሳይንስ ሙከራ ድረ ገጽ ተገኘ። ንግግር የሚባል የለውም፤ ሁለት እጆች ብቻ ይሠራሉ። የፀጉር ቆራጩ ስልክ ደግሞ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ከቻርጀሩ ከተነቀለ ነፍሱ ይወጣል። ስለዚህ ከወንበሩ ጀርባ፣ ሶኬቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ደንበኞች ኳስ የሚያዩት ፊት ለፊት ባለው መስታወት ውስጥ ነው።

ያን ቀን ወንበሩ ላይ የነበረው ባለታክሲ ነው። ፀጉር ቆራጩ አንድ ዓይኑን በደንበኛው ፂም፣ አንዱን በመስታወቱ ውስጥ በሚታየው ቪዲዮ ላይ አድርጎ ትእዛዝ ያወርዳል። ችንካር ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ከተሰበረች የእጅ ማራገቢያ የወጣውን ሞተር ከነክንፉ ካርቶን ላይ ታስራለች፤ ሽቦዎቹን ከትንሽ ባትሪ ጋር ታገናኛለች።

«ቀዩን ሽቦ በግራ! ጥቁሩን በቀኝ!»

«ኧረ ሰውዬ፣ የምትላጨው እኔን ነው ሽቦውን?» አለ ባለታክሲው።

«ዝም በል፣ ሳይንስ ላይ ነን!»

ማራገቢያዋ ስትሽከረከር ሦስቱም አጨበጨቡ። ከጠርሙስ ክዳን የተሠሩት ጎማዎቿ ሙጫቸው ስላልደረቀ መሬት አውርደው አልሞከሯትም። ባለታክሲው ደስታው ሲበርድለት ነው ግማሽ ፂሙ እንደሌለ ያየው።

በማግሥቱ የትምህርት ቤቱ ግቢ ልጅና ወላጅ ሞልቶበታል። ችንካር መኪናዋን አስቀምጣ ማብሪያውን ነካች። መኪናዋ ሽው ብላ የኋሊት ሮጠችና ከሳይንስ ክበቡ መምህርት ጫማ ጋር ተላተመች። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«መሬቱ ነው ያዘነበለው!» አለ ፀጉር ቆራጩ።

«አንድ ሙከራ ይቀርሻል» አለች መምህርቷ።

አባት ወደ ልጁ ጆሮ ጎንበስ አለ። «ምን ችግር አለ? አዙረሽ አስቀምጫት!»

«ፊቷ ላይ ዓይን ሥለናል እኮ፣ አባዬ።»

«ከኋላም እንሥልላታለን! ማጅራቱ ላይ ዓይን ያለው ሰው አውቃለሁ፣ ኮፍያ ሳደርግለት ይጨልምብኛል ብሎ ያለቀሰ...»

«አይሆንም! አጭበርብሬ አልገባም።»

ጉንጯ ቀልቷል፤ እንባዋን ግን ዋጠችው። መኪናዋን አንስታ አበራችና መዳፏን ከፊት ደቀነች። ነፋሱ መዳፏን መታት። ከኋላ ሞከረች፤ ምንም የለም።

«ነፋሱ በፊቷ በኩል ነው የሚወጣው። በኋላዋ በኩል ቢወጣ ነበር ወደ ፊት የሚገፋት። ሞተሩ በተቃራኒው እየዞረ ነው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ቀና አለች። «አባዬ፣ ቀዩ በግራ መሆኑን አይተሃል?»

«በእነዚህ ሁለት ዓይኖቼ!»

«በመስታወት ውስጥ?»

ፀጉር ቆራጩ ግራና ቀኝ እጁን አፈራርቆ አየ። ሲቆርጥም ሲላጭም በመስታወት እየተመራ ነው፤ መስታወት ግራን ቀኝ እንደሚያደርግ ከረሳው ዘመን አልፏል።

ችንካር ፕላስተሩን በጥርሷ ቀደደች። ቀዩን ወደ ቀኝ፣ ጥቁሩን ወደ ግራ አዛወረች። አንዱ ሽቦ ሁለቴ አመለጣት፤ በሦስተኛው ያዘ።

መኪናዋን አስቀመጠች። መኪናዋ መጀመሪያ ትንሽ አመነታች፣ ቀጥሎ ዓይኗን አፍጥጣ ነጩን መስመር ዘለለችው። የሳቁት ልጆች ከኋላዋ ሮጡ።

«ታዲያ ቅድም ምን ሆና ነበር?» አለች መምህርቷ።

ፀጉር ቆራጩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገሩ እንዲህ ነው፣ ከሰማይ አንድ ማግኔት...»

«አባዬ፣ እኔ ልናገር» አለች ችንካር። መስታወቱንም፣ ሽቦውንም፣ ነፋሱንም አንድ በአንድ አስረዳች። አባትየው የሚገባበት ቀዳዳ ፈለገ።

መምህርቷ ሳቋን ከንፈሯ ውስጥ ይዛ ሰማቻትና፣ «በቃ፣ ቦታው ያንቺ ነው። ሰኞ ትጀምሪያለሽ» አለቻት።

«ዛሬ ለምን አይሆንም?» አለች ችንካር።