አራተኛዋ መስመር

ባሏ በሕይወት ሳለ ጠዋት ጠዋት ጢሙን እየተላጨ ግሥ ያረባ ነበር። የማታ ትምህርት ቤት የጣልያንኛ መምህር ነበርና ማታ ለተማሪዎቹ የሚለውን ጠዋት በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ያሟሸዋል። እሷ ከግድግዳው ወዲህ ነጭ ጋውኗን ትተኩሳለች፤ ሁለት ሰዓት ላይ መድኃኒት ቤቷን መክፈት አለባት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

የሚያረባው ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ግሥ ነው፤ አስፔታሬ፣ መጠበቅ። ሌላ ግሥ ጠፍቶ ነው ወይ ብላ አንድ ቀን ብትጠይቀው፣ አካሄዱ ቀና የሆነ ግሥ ነው፣ እሱን የያዘ ሰው ሌሎቹን መቶዎች በዚያው መንገድ ይነዳቸዋል፣ ደግሞም ጠብቆ የማያውቅ ሰው የለም ብሎ መለሰላት። እሷ ቋንቋውን ተምራው አታውቅም። ጎረቤት የሚከፍተውን ሬዲዮ ሰው ሳያስበው እንደሚያጠናው ግን ግሡን ከነዜማው አጠናችው። ካውያው ኮሌታው ላይ ሲሆን የአሁኑ ጊዜ ይባላል፤ ግራ እጅጌው ላይ ድሮ የነበረው፤ ጀርባው ላይ ገና የሚመጣው። ቁልፎቹ ዙሪያ ካውያው ቀስ ሲል «ቢሆን»ና «ቢሆን ኖሮ» ይከተላሉ። ካውያው ከሶኬት ሲነቀል ትእዛዙ ብቻ ይቀራል። «አስፔታ» ይላል ፊቱን እያደረቀ፤ ጠብቂኝ ማለቱ ነው። በሩን ይዛ ትጠብቀዋለች፤ አብረው ይወጣሉ።

አንድ ረቡዕ ልቡ በድንገት ከዳው። አላለቀሰችም አይባልም፤ ሰው ፊት አላለቀሰችም። ሐዘን ሊደርሱ የመጡት ሁሉ ጨካኝ ናት፣ ብርቱ ናት እየተባባሉ ሄዱ። ከወር በኋላ ወደ ሥራ ልትመለስ ካውያውን ስታነሣ አፏ በራሱ ጊዜ ማርባት ጀመረ። እሷ ስትል ድምፁ ከግድግዳው ማዶ አብሯት ይላል። ይህን ለእናቷ ልጅ ለእህቷ እንኳ አልነገረችም።

የማታ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር መድኃኒት እንደሚገዛ ሰው ወረፋ ይዞ ከመስኮቷ ደረሰ። የመጣበት ጉዳይ ሌላ ነበር። ስድስት ተማሪዎች ከስምንት ሳምንት በኋላ ይፈተናሉ፤ ካለፉ ለሙያ ሥልጠና ውጭ አገር ይላካሉ። የታዘዘው መጽሐፍ አልደረሰም፤ በሟቹ ቦታ የሚገባ መምህርም አልተገኘም። ባለቤትዎ ደብተር አልተዉም ወይ ብሎ ጠየቃት። አልተወም አለችው፤ ሁሉም ነገር በጭንቅላቱ ነበር። እውነቷን ነው። ግማሹን እውነት፣ ግሡን በቃሏ መያዟን፣ ግን ከመደርደሪያው ጀርባ አስቀረችው። ኤተር ያለበት ጠርሙስ ክዳኑ ተከፍቶ ከተረሳ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ታውቃለች። ያ የጠዋት ድምፅ ለሰው ከተሰጠ እንዲሁ ተንኖ የሚያልቅ መሰላት።

በማግስቱ ከስድስቱ ተማሪዎች አንዱ፣ ሊፍት ጠጋኙ፣ መጣ። ሲወጣ ሲወርድ ስለሚውል ሁሉም «ላይታች» ይሉታል። ለትከሻው የሚቀባ ነገር ገዝቶ መልሱን ከተቀበለ በኋላ አልሄደም።

«እትዬ፣ ጋሼ እኮ አሁን ላይ ጥለውን ሄዱ» አላት።

«ምን ማለትህ ነው?»

«አንድ ወር ነው ያስተማሩን። የአሁኑን ጊዜ ጨርሰን ለድሮው ቀጥረውን ነበር። ይኸው ትናንትም ነገም የሌለን ሰዎች ሆነን ቀረን።»

ነገሩን በቀልድ መንገር የሚችል ሰው ነበር፤ ፊቱ ግን አልሳቀም። ጠርሙሶቹን ካስተካከለች በኋላ እንደገና አስተካከለቻቸው። በመጨረሻ ማታ በስንት ሰዓት ነው የምትገቡት አለችው።

ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ የተናገረችው መምህር አለመሆኗን ነው። ማስረዳት አልችልም፤ ማለት ብቻ እችላለሁ አለቻቸው። ካውያ ሳትይዝ ብላው ስለማታውቅ እጇን በጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ እያንሸራተተች ጀመረች። ስድስቱም ይህ አንድ ዘመናዊ የማስተማሪያ ዘዴ ነው ብለው እጃቸውን በየዴስካቸው ላይ ያንሸራትቱ ጀመር። ከስድስቱ አንዷ የሆነችው ነርስ ዴስኳ ሸካራ ስለነበር ሁለተኛው ቀን ላይ መሀረብ አነጠፈች።

ድሮ የነበረውን ስታወርድ እንዲህ ነበር የምትለው፤ አስፔታቮ፣ አስፔታቪ፣ አስፔታቫ። እዚህ ላይ አፏን ትገጥማለች፤ አገጯን ትንሽ ቀና ታደርጋለች፤ ከዚያ አስፔታቫቴ፣ አስፔታቫኖ ብላ ትቀጥላለች። ቆጥራው አታውቅም። ግሡ ራሱ እዚያ ቦታ የሚያርፍ ይመስላት ነበር። ተማሪዎቹ ደግሞ ስድስት ስድስት መስመር አስምረው ነበርና አራተኛዋን መስመር ባዶ ትተው ያልፋሉ። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ዓይናቸውን ወደ ደብተራቸው ይሰብራሉ። አንድም ሰው አልጠየቀም።

ለፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀር ርእሰ መምህሩ የሙከራ ፈተና ከነመልሱ አስመጥቶ ፈተናቸው። በሁለተኛው ቀን ወደ ቢሮው አስጠራት። ስድስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደርድሯል፤ በስድስቱም ላይ ያቺው አንዲት መስመር ባዶ ናት።

«ስድስት ሰው ባንዲት ቃል ላይ አይደነቁርም» አላት። «ተኮራርጀዋል። ጠርቼ ብጠይቃቸው ደግሞ እንደ ተማማለ ሰው ዝም። በዚህ ሁኔታ ስማቸውን ለፈተናው ማስተላለፍ አልችልም።»

እስከ ነገ እንዲታገሣት ለመነችው። በኮሪደሩ ላይታችን አግኝታ ያቺን መስመር ለምን እንደተዉአት ጠየቀችው።

«ይተዉኝ እትዬ።»

«ከፈተናው ልትወጡ ነው እኮ። ተናገር።»

«እዚያ ሲደርሱ ልብዎ ይሞላል» አላት። «እንባዎን ሲውጡ እያየን ምን ብለን እንጠይቅ? ሊፍት ውስጥ የተያዘ ሰው አይጮኽበትም። እኛም ቆመን ጠበቅንዎት፤ ይኸው ነው።»

እኔ እኮ አላለቀስኩም ልትለው አፏን ከፍታ ተወችው።

በማግስቱ ጠዋት ካውያውን አጋለችና ጀመረች። ኮሌታውን ጨርሳ ወደ ግራ እጅጌው ተሻገረች። አስፔታቫ አለችና አፏን ገጠመች፤ አገጯም ቀና አለ። እንደወትሮዋ ከማለፍ ይልቅ እዚያው ቆመች፤ ልጆቹ የሚያዩትን ልታይ ፈልጋ ነው። ዝምታ አልነበረም። ከግድግዳው ማዶ ችር የሚል ድምፅ ነበር፤ ረጅም አንድ፣ አጭር ሁለት። ከንፈሩን በጥርሱ ላይ ወጥሮ፣ አፉን ገጥሞ፣ ከአፍንጫው ሥር ምላጩን ሲስብ። ያቺን ቃል በሆዱ ይላትና ከንፈሩን ሲለቅ ከተከታይዋ ይቀጥላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምላጩን ከግሡ ጋር አንድ አድርጋ ነው ያጠናችው።

የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ሲመጣ ካውያውን አነሣች። ግራ እጅጌው ላይ ቡናማ ምልክት ቀርቷል።

ቀኑን ሙሉ እጅጌዋን አጥፋ ዋለች። መድኃኒት እያቀበለች፣ ከምግብ በፊት፣ ከምግብ በኋላ እያለች ታስባለች። ብትነግራቸው ባዶዋን ቦታ ቃል ይሞላታል። ቃል ከገባባት ደግሞ ያ ድምፅ ነገ ጠዋት ወዴት ይገባል? ከእሱ የቀራት ይኸው ነበር፤ ልብሱን ለወንድሞቹ ሰጥታለች፣ ምላጩንም ማን እንደ ወሰደው አታውቅም። ደግሞም መናገር አያስፈልጋትም። ረሳሁት ብትል በቂ ነው፤ ልጆቹም ይድናሉ፣ እሷም ምስጢሯን ይዛ ትቀራለች።

ይህንኑ ልትል ቆርጣ ከርእሰ መምህሩ ፊት ተቀመጠች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለችው። «አራተኛዋን ቃል እኔ ነኝ ያልነገርኳቸው።»

«አንዴ ቢሆን እሺ። ስድስት ሳምንት ሙሉ? ረስተዋት ነው?»

ረሳሁ ልትል ጀምራ ተወችው። የታጠፈውን እጅጌዋን እያየች፣

«ባለቤቴ እዚያ ላይ የላይኛውን ከንፈሩን ይላጭ ነበር» አለች።

ርእሰ መምህሩ መጀመሪያ ምን እንደተባለ አልገባውም። ቆይቶ እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ከንፈሩ ሄደ። የመልሱን ወረቀት ስቦ አንዲቱን ቃል በቁራጭ ወረቀት ላይ ገለበጠና አዙሮ ወደ እሷ ገፋላት። አስፔታቫሞ ይላል፤ እንጠብቅ ነበር። እንደ ሐኪም ማዘዣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ስድስቱን ወረቀቶች ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ አስገባ፤ ስማቸውን ዛሬ አስተላልፋለሁ አለ።

ያን ዕለት ማታ ወረቀቱን ለላይታች ሰጥታ ሰሌዳው ላይ አስጻፈችው። ነገሩንም ነገረቻቸው፤ ረጅም አልነበረም። ነርሷ መሀረቧን ከዴስኩ ላይ አንሥታ አፍንጫዋን ያዘችበት። ላይታች ጠመኔውን እንደያዘ ትንሽ አሰበና፣

«ጋሼ ሪዝ ቢያሳድጉ ኖሮ ስድስታችንም መቶ ከመቶ ደፍነን ነበር» አለ።

ሳቀች። ሰው ፊት ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን ጠረገች፤ አንድም ሰው አንገቱን አልደፋላትም። ከዚያ፣ በሉ ያለ እኔ ሞክሩት አለቻቸው።

በፈተናው ቀን መድኃኒት ቤቱን ለረዳቷ ትታ መጣች። ተፈታኞቹ በራቸው ተዘግቶ ፈታኙን ይጠብቃሉ፤ እሷ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ዛሬ አራተኛዋን ቃል ሞልተው ሲያልፉ ሰምታ የባሏን ድምፅ ልትሰናበተው ነበር የመጣችው። ከግድግዳው ማዶ ማርባት ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ ድምፅ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ቀኝ እጇ በግድግዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። የአሁኑን ጨረሱ። ወደ ድሮው ተሻገሩ፤ አስፔታቮ፣ አስፔታቪ፣ አስፔታቫ።

እጇ ቆመ።

ማዶም ጸጥ አለ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ልማድ ሆኖባቸው ስድስቱም አፋቸውን ገጠሙ። ምላጭ አንዴ ረዘም፣ ሁለቴ አጠር አድርጎ እስኪሳብ ያህል ቆዩ። ከዚያ በኋላ ቃሏን ባንድ አፍ አሏት።