የእማማ ሃሩ መርዶ

ስልኩ ሲጮህ ሮማነወርቅ የእማማ ሃሩን እግር ለብ ባለ ውሃ እያጠበች ነበር። እጇን በሽርጧ አድርቃ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። የደወለችው ሊንዳ ናት፤ ሳን ሆዜ የሚኖረው የእማማ ሃሩ አንድ ልጅ የኬን ሚስት።

«ኬን ሞተ» አለች ሊንዳ። «ዛሬ ጠዋት፣ ሥራ ቦታ። ልቡ ነው አሉኝ። ፓስተር ኢሺዳ ጋ ብደውል ብደውል አይነሳም። እባክሽ አንቺ ንገሪያቸው።»

ሮማነወርቅ ወደ ሳሎን ዞር ብላ አየች። እማማ ሃሩ እግራቸውን ሳፋው ውስጥ ነክረው፣ ፓስተሩ ከቤት ለማይወጡ ሽማግሌዎች በጃፓንኛ ቀድተው የሚልኩትን የስብከት ካሴት ያዳምጣሉ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። እንግሊዝኛቸው ከሮማነወርቅ እንግሊዝኛ አይሻልም። ሮማነወርቅ ልትንከባከባቸው ከተቀጠረች ወዲህ፣ ኤል ሴሪቶ ባለችው በዚህች ቤት ሁለት ዓመት የተግባቡት በተሰባበረ እንግሊዝኛና በእጅ ምልክት ነው፤ እንዲያም ሆኖ ከብዙ ባልና ሚስት ይሻሉ ነበር።

«ማን ነው?» አሉ እማማ ሃሩ።

«ከቤተ ክርስቲያን ነው» አለች።

ክፋት አልነበረባትም። መርዶ ወግ አለው። ሰው በማለዳ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዘው ሲኖር ነው የሚረዳው። ለብቻው ያለን ሰው፣ ያውም እግሩ ሳፋ ውስጥ ያለን ሰው፣ ማን ያረዳል? ፓስተር ኢሺዳ ደግሞ ባሎቻቸው ለኩባንያ ሥራ ከጃፓን ያመጧቸውን ወጣት ሚስቶች ሰብስበው ሳንታ ክሩዝ ተራራ ላይ ለጸሎት ጉባኤ ወጥተዋል። የሚመለሱት እሑድ ነው። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

ኬንና እናቱ ስድስት ዓመት ተኳርፈዋል። እሱ ቤተ ክርስቲያኑን ሲተው እሳቸው «ወደ ጌታ እስክትመለስ ደጅህን አልረግጥም» ብለው ነበር። ረቡዕ ረቡዕ የጃፓን ምእመናን ቤታቸው ለጸሎት ሲመጡ ሁሉም ልመናውን በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል። የእማማ ሃሩ ወረቀት ላይ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ስም ብቻ ነበረ። ባለፈው ወር ኬን ራሱ ደወለ። ለፋሲካ እመጣለሁ አለ። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ማታ ኦክላንድ ቤቷ ስትገባ ለባሏ ለባዩ ነገረችው። ባዩ ከወደቡ ኮንቴይነር የሚጭን የከባድ መኪና ሾፌር ነው።

«ለብቻሽ ልትነግሪያቸው? አብደሻል እንዴ!» አላት። «ሽማግሌ ናቸው፣ ሃርት አታክ ቢይዛቸውስ? እሑድ ፓስተሩ ሲመጣ፣ ሰው ባለበት ይረዱ።»

«ሊንዳ ነገ ኮል ታደርጋለች።»

«ነግሬያቸዋለሁ በያት፣ ሁለት ቀን ነው። እዚህ አገር እንደሆነ ሬሳ ሳምንት ሙሉ ያቆያሉ።» ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ። «መርዶ አይቸኮልበትም፣ ሮሚዬ። ቀን አለው።»

«ከአባቴ ደብዳቤ አልመጣም?»

«ፖስታ ሳጥኑን ዛሬም ቼክ አድርጌዋለሁ፣ ባዶ ነው። ደሞ የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ኦፍ ውሰጂ። እነአክሊሉ፣ ጓደኞቻችን ሁሉ፣ ቁርስ እዚህ እንብላ ብለዋል። በአሥራ ሁለት ሰዓት ይመጣሉ።»

«በአሥራ ሁለት ሰዓት! ገና ጎህ ሳይቀድ ምን ዓይነት ቁርስ ነው?» ብላ ሳቀች። ባዩ አልሳቀም።

ዓርብ ሊንዳ ደወለች።

«ነገርሻቸው?»

«አዎ።»

«ይመጣሉ? ነገ ጠዋት ነው የምንሸኘው።»

ነገ መሆኑን ስትሰማ የሮማነወርቅ ልብ ደነገጠ። ግን ቢሸኙትስ መቃብሩ የት ይሄዳል? እናቱ በኋላም ሄደው ቢያለቅሱበት ይደርሳሉ ብላ ራሷን አጽናናች።

«አቅም የላቸውም» አለች። «ከእሑድ በኋላ…»

«ገባኝ» አለች ሊንዳ። «ሞቶም ይቅር አላሉትም ማለት ነው።»

«አይደለም» ማለት ነበረባት። አላለችም። ሊንዳ ዘጋችው።

ቅዳሜ እማማ ሃሩ የፋሲካውን የገበታ ልብስ አስተኮሷት። ከዚያ ቁራጭ ወረቀታቸውን አውጥተው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው እስክሪብቶ አነሱ።

«ሮማ» አሏት፣ «እስከ ዛሬ የምጽፈው ልመና ነበር። አሁን ምስጋና ልጽፍ ነው።»

ሮማነወርቅ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። አንድ ቀን ነው የቀረው አለች።

እሑድ ከቀትር በኋላ፣ እንደ ልማዷ፣ እማማ ሃሩን ኦክላንድ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን በቫናቸው ወሰደቻቸው። ወንበራቸው ላይ አስቀምጣቸው ፓስተሩን ኮሪደር ላይ አገኘቻቸው። ፓስተር ኢሺዳ ሲያናግሩ ሁልጊዜ ጎንበስ የሚሉ ቀጭን ሰው ናቸው። ነገሩን ነግራቸው ስትጨርስ ቀጥ ብለው ቆመው ቀሩ።

«መቼ ነው የሞተው?»

«ሐሙስ።»

«ዛሬ እሑድ ነው።»

«ሰው እስኪሰበሰብ ብዬ ነው፣ ፓስተር። በእኛ አገር…»

አልጠበቋትም፤ ወደ ስልኩ ሮጡ። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ትናንት ተቃጥሏል። የቀረ አመዱ ነው» አሉ። «ሊንዳ እናቱ አልመጣም ብለዋል አለችኝ።»

ሮማነወርቅ ግድግዳውን ያዘች። በእሷ ሐሳብ ሙት የሚሸኘው ወደ አፈር ነው። እሳት በልቧም አልመጣም ነበር።

ፓስተሩ እማማ ሃሩ ፊት ተንበርክከው በጃፓንኛ ነገሯቸው። ሃያ የሚሆኑ ምእመናን ከበቧቸው፤ አንዲት ሴት ከኋላ ትከሻቸውን ይዛለች። ሮማነወርቅ የተመኘችው እንዲህ ነበር። ጩኸት ግን አልተሰማም። እማማ ሃሩ አንድ ነገር ጠየቁ፣ ፓስተሩ መለሱላቸው፣ ከዚያ አሮጊቷ በዓይናቸው ሮማነወርቅን ፈለጉ።

«ሐሙስ የጮኸው ስልክ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እግሬን ስታጥቢኝ?»

«አዎ።»

«ባሌ የሞተው በጦርነቱ ጊዜ፣ ዩታ በረሃ መንግሥት እኛን ጃፓናውያንን ባጎረበት ካምፕ ውስጥ ነው» አሉ ቃል በቃል እየፈለጉ። «ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የሞተ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻውን አያድርም። ወታደር በር ላይ ቆሞ እንኳ አልወደቅሁም። እወድቃለሁ ብለሽ ለምን አሰብሽ?»

ሮማነወርቅ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል እጇን ይዘው አቆሟት፤ አልተቆጧትም፤ ያ ደግሞ ከቁጣ የባሰ ሆነባት። ወደ ኮሪደሩ ሄዳ ሊንዳ ጋ ደወለች። «የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። እሳቸው አልሰሙም ነበር» አለች። ሊንዳ ስታለቅስ እየሰማች ስልኩን እንደያዘች ቆመች። ፓስተሩ እማማ ሃሩን በራሳቸው መኪና ወደ ሳን ሆዜ ወሰዷቸው።

ባዶውን ቫን ይዛ በሳን ፓብሎ ጎዳና ተመለሰች። ኤል ሴሪቶ አቁማው ወደ ኦክላንድ በአውቶቡስ ስትመለስ የባዩ ቃል አብሯት ተሳፈረ። መርዶ ቀን አለው። የአባቷ ደብዳቤ ከቀረ ሦስት ወሩ ነው። የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ ያለው ባዩ ጋ ብቻ ነው። የአክሊሉ ሚስት ባለፈው ሳምንት ስትሰናበታት አቅፋ ቶሎ አልለቀቀቻትም ነበር። ቅዳሜ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት።

ባዩ ዕቃ እያጠበ ነበር፤ የሱ ሥራ ሆኖ አያውቅም።

«እነአክሊሉ ቅዳሜ ለምንድን ነው የሚመጡት?» አለችው፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ።

«ለቁርስ ነው ብዬሽ የለም?»

«ባዩ።»

ውሃውን ዘጋ። ዞሮ አያት። «ቆይ፣ ቁጭ በይ እስቲ» አለና እጁ ሳይደርቅ ወደ ስልኩ ሄደ። «ለአክሊሉ ልደውልለት፣ ቅርብ ነው፣ አሁን ይደርሳል።»

ሮማነወርቅ ቀድማው እጇን ስልኩ ላይ ጫነች።

«ሰው አትጥራ» አለችው። «አልወድቅም። አንተው ንገረኝ።»