ርካሹን ፒክአፕ ስንጠብቅ

አይሊ ፔልቶ በእኛ ገጠር ደብዳቤና እሽግ ማደል ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ገጠር ላይ የሚያድል ሰው የሚሠራው በገዛ መኪናው ነው። የመኪናው መሪ በግራ ነው፤ የፖስታ ሳጥኖቹ ደግሞ በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ በእንጨት ላይ ተተክለው ይቆማሉ። ስለዚህ አይሊ፣ እንደ ባልደረቦቿ ሁሉ፣ ጋቢና ውስጥ በቀኝ በኩል ተቀምጣ ትነዳለች። ግራ እጇን ዘርግታ መሪውን ትይዛለች፣ ግራ እግሯን አሻግራ ነዳጅና ፍሬን ትረግጣለች፣ በቀኝ እጇ ደብዳቤውን በመስኮት አውጥታ ሳጥኑ ውስጥ ትከታለች። እንግዳ ሰው ካያት መኪናው ያለ ሹፌር የሚሄድ ይመስለዋል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሳጥን ነው፣ በሳምንት ስድስት ቀን።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው አሮጌ ፒክአፕ ነው፤ ወንበሩ ከበር እስከ በር አንድ ወጥ አግዳሚ የሆነ፣ ማርሹም መሪው ሥር ያለ። የአይሊ ፒክአፕ እንደዚያ ነው። ችግሩ፣ መንገዳችን ላይ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ጨው መደፋቱ ነው። ጨው በረዶውን ያቀልጣል፤ ከዚያ ተመልሶ መኪናውን ከሥር ይበላል። የተበላውን ሻንሲ፣ መኪናው የሚቆምበትን የብረት አጽም፣ የምበይደው እኔ ነኝ፣ ሩዲ ሃውታላ። ጋራዤ ከአይሊ ቤት ሁለት ቤት አልፎ ነው። ሚስቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ የለንም፤ ከሰው ይልቅ ከመኪና ጋር ብዙ አወራለሁ። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ አይሊ ፒክአፗን ታመጣለች፣ በክሪክ አነሳዋለሁ፣ ከሥሩ ገብቼ በመዶሻ እየመታሁ አያለሁ። እሷ ከላይ ቆማ ትጠይቀኛለች።

«የሚመጣውን በረዶ ይወጣዋል?»

«ይወጣዋል» እላታለሁ። ብዙውን ጊዜ እውነት ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ አዲስ ኩባንያ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ፒክአፕ ሊሠራ ነው ተባለ። ሁለት በር፣ መስኮቱ በእጅ የሚጠመዘዝ፣ ስክሪን የለው፣ ጌጥ የለው፤ ዋጋውም ሠራተኛ ሰው የሚደፍረው። አይሊ በሰማች ማግስት ሃምሳ ዶላር ቀብድ ልካ ተመዘገበች። ሳቅሁባት። በኋላ ሳስበው ግን ሞኝነቱ የኔ ነበር። በቀን አራት መቶ ጊዜ ቆሞ ለሚነሳ መኪና ከኤሌክትሪክ የተሻለ የለም፤ ቤንዚን አይጠጣም፣ የፍሬን ሸራ አይጨርስም፣ እሷም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ቤቷ ገብታ መኪናዋን በምታሳድርበት ጎተራ ኤሌክትሪክ ላይ ትሰካዋለች። ኩባንያው «በሚመጣው ዓመት» አለ። ዓመቱ ሲደርስ እንደገና «በሚመጣው ዓመት» አለ። ዋጋውም ባየነው ቁጥር ትንሽ ከፍ እያለ ሄደ፤ አሁንም ግን ርካሽ ይሉታል።

አይሊ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሙሉ ጡረታዋን ለማግኘት ሦስት ዓመት ይቀራታል። ዳሌዋ ለሃያ ስድስት ዓመት ተጣሞ ተቀምጦ ተበላሽቷል። ልጇ ክሪስታ አሪዞና ነው የምትኖረው፣ በረዶ በሌለበት አገር፤ እሑድ እሑድ እየደወለች «ክፍልሽ ተዘጋጅቷል፣ በቃሽ፣ ነይ» ትላታለች። የአይሊም መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አዲሱ ፒክአፕ ከመጣ ሦስቱን ዓመት ሠርቼ እዚሁ እኖራለሁ። አሮጌው ቀድሞ ከሞተ ግን እመጣለሁ።» ይህንን ለኔም ነግራኛለች። እኔ ደግሞ አሮጌውን የምበይደው ሰው ነኝ።

ባለፈው ሚያዝያ ከሥር ገብቼ ስመታ መዶሻዬ ሻንሲው ውስጥ ገባ። ከጋቢናው ጀርባ፣ የኋላውን ጎማ የሚሸከመው ባሌስትራ በሚያያዝበት ቦታ፣ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። እንደዚህ ያለ ነገር አይበየድም፤ አዲሱ ብረት የሚይዘው ጤነኛ ብረት ይፈልጋል። አንድ ቀን፣ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ስትነዳ፣ መታጠፊያ ላይ ለሁለት ይሰበራል። በጀርባዬ ተኝቼ ለብዙ ጊዜ አየሁት። ከዚያ ላሜራ ቆርጬ ለጠፍኩበት፣ ጥቁር ቀለምም ቀባሁት።

«የሚመጣውን በረዶ ይወጣዋል?» አለች አይሊ።

«ይወጣዋል» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ለምን እንዳልኩ አውቃለሁ። አሪዞና እንድትሄድ አልፈለግኩም። በጋውን በሙሉ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሥራዬን ጥዬ መስኮት ላይ እቆም ነበር። ፒክአፑ ሲያልፍ ካየሁ በኋላ ነው መፍቻዬን መልሼ የማነሳው። እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንደሚሉት አንባቢ ያውቃል።

በመስከረም ማለቂያ ኩባንያው ቀብድ የከፈሉ ሰዎች ፒክአፑን ግሪን ቤይ ከተማ መጥተው እንዲያዩ ጠራ። ቅዳሜ ዕለት በእኔ መኪና ሄድን፤ አራት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። አይሊ ለሁለታችን ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲ ጋግራ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች።

«ቀለሙን ግራጫ ነው የመረጥኩት» አለችኝ።

«ጭቃ ስለማያሳይ?»

«አንተን ስለሚመስል። ሲያዩት የማይጎዳ፣ ሲናገር የማይሰማ።»

«ድምፅ የለውም ብለሽ ነው?»

«የለውማ። የሃይኪ ውሻ አሁን በምን ሊያውቀኝ ነው?» ሃይኪ የመጀመሪያው ሳጥን ባለቤት ነው።

እንዲህ እየተባባልን ደረስን። አዳራሹ ውስጥ ፒክአፑ መብራት በዝቶበት ቆሟል፤ ከጠበቅነው ያነሰ ነው፣ ግን የሚወደድ ነው። አይሊ ሌላውን ሁሉ ትታ በቀጥታ ወደ ቀኙ በር ሄደች፣ ከፈተችው፣ ገባች፣ ቀበቶዋን አሰረች። ከዚያ ግራ እግሯን አነሳች።

እግሯ አልተሻገረም። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ከዳሽቦርዱ ጀምሮ ወደ ኋላ የሚሄድ፣ ቁመቱ ጉልበት የሚደርስ ሳጥን አለ። እግሯን ከፍ አደረገች፣ ጎንበስ አለች፣ ጫማዋን አወለቀች። አሁንም አልተሻገረም።

ጢሙን በደንብ የተስተካከለ ሻጭ እየሳቀ መጣ። «እማማ፣ መሪው በዚያ በኩል ነው።»

«እማማህ ቤት ናት። መሪውን አይቼዋለሁ። ይሄ ሳጥን ይነሳል?»

«አይነሳም፤ ሽቦው ሁሉ በሥሩ ነው የሚያልፈው። ግን በጣም ጠቃሚ ነው፣ ሁለት ኩባያ ይይዛል።»

«ሩዲ» አለች አይሊ፣ ዓይኗን ከሳጥኑ ሳታነሳ። «ሁለት ኩባያ ይይዛል አለ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ኩባንያ ስትጽፍ ነበር። ብርድ ላይ ባትሪው ስንት ማይል እንደሚያስኬድ ጠይቃለች፤ የጎተራዋ ሶኬት ይችለው እንደሆነ ጠይቃለች፤ የጎማውን ስፋት ሳይቀር ጠይቃለች። ወንበሩ አግዳሚ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም። እኔም፣ ዕድሜ ልኬን መኪና የፈታሁት ሰው፣ አልጠየቅኩም። እኛ አገር የሥራ ፒክአፕ ማለት አግዳሚ ወንበር ማለት ነው፤ ውኃ ያረጥባል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኩባንያው ደግሞ ሰው ከግራ ገብቶ ፊት ለፊቱን እያየ ይነዳል ብሎ ነው ያሰበው። ማናችንንም መውቀስ አይቻልም፤ ግን ሦስት ዓመት ሄደ።

አይሊ ወርዳ ዞራ በግራ በኩል ገባች። ሁለት እጇን መሪው ላይ አደረገች፣ ሁለት እግሯን ፊቷ ዘረጋች፣ ወገቧን ደገፍ አደረገች። ሻጩ ሌላ ሰው ለማነጋገር ሄደ።

«አያመኝም» አለች በዝግታ። «ሩዲ፣ ቀጥ ብለው ሲቀመጡ እኮ አያምም።»

አንጀቴን በላችው። በሩን ይዤ ቆምኩ። እሷ ግን ወዲያው ራሷን ሰበሰበችና ሥራዋን ማሰብ ጀመረች።

«ይሁን። አሮጌው አለልኝ። ሦስት ዓመት ነው የቀረኝ፤ ሦስት ጊዜ ትበይድልኛለህ። ትችላለህ አይደል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አዎ እላት ነበር። አዎ ማለት ለምዶብኛል።

«አይበየድም» አልኳት።

«ምኑ?»

«ሻንሲው። አልቋል። ላሜራ ለጥፌበት ነው ቀለም የቀባሁት።»

«መቼ?»

«ሚያዝያ።»

ወደ እኔ ዞረች። «ከሚያዝያ ጀምሮ በየቀኑ ስልሳ ማይል ስሄድበት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን?»

«አሪዞና እንዳትሄጂብኝ።»

ሳቅ ይመጣል ብዬ አስቤ ነበር፤ አልመጣም። ቁጣም አልመጣም። «ብሞትስ?» አለችኝ፣ የዳቦ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው። ያኔ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ።

እኔ እየነዳሁ አራቱን ሰዓት ተመለስን። መንገድ ላይ ፓስቲዋን አውጥታ በላች፤ ቀጥላም የኔን በላች።

እሑድ ጠዋት የመኪናዬን ቁልፍ ደጃፏ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ማታ ስወጣ አሮጌው ፒክአፕ ጋራዤ በር ላይ ቆሟል፤ የኔ መኪና የለም። አስገብቼ ሻንሲውን በዚያች በበሰበሰችው ቦታ ቆረጥኩት፣ ማንም፣ እኔም ጭምር፣ ተመልሶ እንዳይበይደው። መቁረጫው ሳይከብደው አለፈ።

የኔ መኪና ወንበሩ ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው፣ ከቀኝ አይነዳም። እንደ አዲሱ መሃሉ ሳጥን አለው። ስለዚህ አይሊ ሰኞ ዕለት እንደ ሹፌር በግራ ተቀምጣ ወጣች፤ በየሳጥኑም ቆማ፣ ወርዳ፣ በመኪናው ዞራ፣ ደብዳቤውን ከታ፣ ተመልሳ ትገባለች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ። ስምንት ሰዓት ትገባ የነበረችው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገባች። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ዕለት በረዶ ቀድሞ ጣለ። ከመስኮቴ ሆኜ ሳያት ከመኪናው እስከ በሯ ያለውን አሥር እርምጃ የአጥሩን እንጨት እየያዘች፣ ሁለት ጊዜ ቆማ እያረፈች ሄደች። ሳሎኗ መብራት በራ፤ ስልክ ስታነሳ አየሁ። ክሪስታ ጋ ነው የምትደውለው አልኩ። በቃ፣ ሄደች አልኩ። ያን ማታ እራት አልበላሁም።

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደጃፌ ላይ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። መኪናዬ በደብዳቤና በእሽግ ተሞልቶ ቆሟል። አይሊ በቀኙ ወንበር ተቀምጣለች። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው።

«ግባ» አለችኝ።

«ወዴት?»

ወረቀት አቀበለችኝ። የፖስታ ቤት ቅጽ ነው፤ ስሜን ራሷ ጽፋዋለች። «ተጠባባቂ ደብዳቤ አዳይ ካጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። ማታ ለኃላፊዋ ደውዬ አንድ ሽማግሌ አለኝ አልኳት። ከዛሬ ጀምሮ ተለማማጅ ነህ። ሦስት ወር አብረኸኝ ትሠራለህ።»

«በስልሳ ስድስት ዓመቴ?»

«ስትዋሽ አላረጀህም ነበር።»

ገባሁ። ሞተሩ ሞቋል። መሪውን ያዝኩ።

«ይቅርታ አላልኩሽም» አልኳት።

«አላልክም።»

«ይቅርታ፣ አይሊ።»

«ሰማሁ። ንዳ፣ ሃይኪ ጋዜጣውን ሳያነብ ቁርስ አይበላም።»

ነዳሁ። የመጀመሪያው ሳጥን ጋ ቆምኩ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች፣ ጋዜጣውን ከተተች። ፊቷ በሕመም አልተኮሳተረም። ሁለተኛው ጋ፣ ሦስተኛው ጋ ቆምን። እኔ ግን መጠየቅ ነበረብኝ።

«ሦስት ወሩ ሲያልቅስ?»

«ቶሎ የሚገባው ሰው አይደለም ብዬ አስጨምራለሁ። ያምኑኛል።»

«ቀብዱስ? አዲሱን ፒክአፕ እንጠብቀዋለን?»

«እንጠብቀዋለን።»

«መሃሉ እኮ ሳጥን አለበት። ብቻሽን አትሠሪበትም።»

«አልሠራበትማ» አለች፣ የሚቀጥለውን ደብዳቤ ከጥቅሉ እየመዘዘች። መስኮቱን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች። «ሩዲ፣ ሁለተኛ ብትዋሸኝ ግን አሪዞና የምሄደው እኔ አይደለሁም። ቴምብር ለጥፌ አንተን ነው የምልክህ።»

እሺ አልኳት። ዓይኔ እንባ ስለሞላ መንገዱ ትንሽ ደብዝዞብኝ ነበር፤ ቀስ ብዬ ነዳሁ፣ አራት መቶ ምናምን ሳጥን ገና ይቀረናል።