በሞቴ የማይል ጎረቤት

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። አሸብር ግን የተወጋበትን ቀን ብቻ ሳይሆን፣ የወጋው ሰውዬ የዚያን ዕለት ያደረገውን ካልሲ ሳይቀር ያስታውሳል። ቡናማ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የበርበሬ በረንዳ ነጋዴዎች እድር አዲስ ዳኛ ሲፈልግ፣ ሽማግሌዎች ወደ አሸብር ሱቅ መጡ። አፈ ጉባኤያቸው ሀብተ ወልድ ነበር፤ ከሦስት ሱቅ ወዲያ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የሚሸጥ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ጢሙን እንደ መጥረጊያ የሚያሳድግ ሰው። «አሸብር፣ ዳኝነቱን ያዝልን» አለ። አሸብርም እንደ ጨዋ ልጅ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ኧረ እኔ ምን አቅም አለኝ፣ ከእኔ የሚሻል ፈልጉ አለ።

ይሄ እንግዲህ ወግ ነው። አሸብር ያደገበት የጎጃም ቤት ለወግ የሚሞት ነበር። ሰው ቤት ገበታ ሲቀርብልህ በመጀመሪያው «ጠግቤያለሁ» ትላለህ። በሁለተኛው «ኧረ ይቅርብኝ» ትላለህ። በሦስተኛው «በሞቴ» ስትባል እጅህን ትታጠባለህ። የሹመትም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ሀብተ ወልድ ግን «እንግዲያ እሺ» ብሎ ተነሳ። ተነስቶም ሄደ። አሸብር ለሁለተኛው ልመና ያዘጋጃት ፈገግታ ፊቱ ላይ እንደተሰቀለች ቀረች። ሳይመሽ ሀብተ ወልድ ራሱ ዳኛ ሆነ ተባለ።

አሸብር አልተሳደበም፣ አልተጣላም። «አንተ» ይለው የነበረውን ሰው «እርስዎ» ማለት ጀመረ፣ በቃ። እንደ አሸብር ሐሳብ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ሀብተ ወልድ ግን ስድቡ አልገባውም፤ ሹመቴን አክብሮልኝ ነው ብሎ ደስ አለው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ደስ ሲለው ኖረ።

ዘንድሮ የአሸብር ስልክ ድምፁ ጠፋ። ከሱቁ ጎን፣ ድሮ የጨው መጋዘን በነበረች ጠባብ ክፍል፣ ዮርዲ የምትባል ወጣት ስልክና ኮምፒውተር ትጠግናለች። ስልኩን ከፈተችና ሦስት ጊዜ አነጠሰች።

«ጋሼ አሸብር፣ ይሄ እኮ ስልክ አይደለም፣ የበርበሬ ማሰሮ ነው» አለችው።

በጥርስ ብሩሽ ቀስ እያሉ መፈተግ አለበት፣ ጥቂት ቀን ይፈጃል ተባለ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ቀዝቃዛ ስለነበር አሸብር እዚያው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ጀመረ። የዮርዲ ኮምፒውተር ላይ አንድ ጨዋታ አለ። የድሮ የጃፓን መሳፍንት፣ አራት አምስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ፣ ግንብ ለግንብ ሆነው የሚፋጁበት። የእኛን ዘመነ መሳፍንት በሉት፤ እነሱ ጤፍ የላቸውም እንጂ። ዮርዲ እስኪ ይሞክሩት አለችው። አሸብር፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ይሄን ምኑን አውቄው አላት።

«እርስዎ ደግሞ። በሞቴ» አለችው።

ዮርዲ አሳዳጊ ያልበደላት ልጅ ናት። ተቀመጠ።

ከመሳፍንቱ ሁሉ አሸብር የመረጠው በካርታው ጥግ፣ ባሕር ዳርቻ የተወሸቀ አንድ ምስኪን መስፍን ነበር። ሁለት ግንብ ብቻ አለው። ዮርዲ፣ ለጀማሪ ይከብዳል፣ ትልቁን ይያዙ ብትለው፣ ይሄ ሰውዬ ተገፍቶ ነው እዚህ የደረሰው፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል ብሎ አሻፈረኝ አለ። እንግሊዝኛውን እሷ ስልኩን እየፈተገች ታነብለታለች፤ እሱ ያዛል። መጀመሪያ ያዘዘው ሩዙ እንዳይነቅዝ ፀሐይ ላይ እንዲሰጣ ነው። እንደዚያ የሚባል ቁልፍ የለም ሲባል፣ እነዚህ ሰዎች ጎተራ ሠርተው ስለ ነቀዝ አለማሰባቸው ገረመው። የጦር አለቆቹን ሸልማቸው፣ አለዚያ ይከዱሃል የሚል ጽሑፍ ሲመጣም፣ ሽልማት የሚጠብቅ ሎሌ ከፊቴ አይቁም አለ። አንዱ ወዲያው ከፊቱ ጠፋ። «ይሂድ፣ ዓይኑም አላማረኝም ነበር» አለ አሸብር።

ከዚያ በስተ ምሥራቅ ያለው ጎረቤት መስፍን መልእክተኛ ላከ። የመስፍኑ ሥዕል ብቅ ሲል አሸብር ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ሆዳም ነው። ጢማም ነው። ካልሲው አይታይም እንጂ ቀለሙን መናገር ይችላል።

«ከሰሜን ትልቁ ጌታ እየመጣብን ነው፣ ወዳጅ እንሁን ይላል» አለች ዮርዲ። «እሺ ልበልልዎ?»

«ምን ያጣድፍሻል? እንቢ በይው።»

«ጋሼ፣ ጥሩ ስምምነት እኮ ነው።»

«ጥሩ መሆኑንማ አጣሁት? ጥሩ ስለሆነ እኮ ነው እንቢ የምለው።»

እንቢ ተባለ። አሸብርም ለሁለተኛው መልእክተኛ ሽር ጉድ ማለት ጀመረ። ጦሩን ከድንበር አንስቶ ግንቡ ዙሪያ ደረደረው፤ እንግዳ ሲመጣ ግቢው ወና እንዳይመስል። በጨዋታው ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ በርበሬ በረንዳ ላይ ደግሞ አንድ ሰዓት አለፈ። በረዶው ሲቀልጥ በምሥራቅ በኩል ሰዎች ሲግተለተሉ ታዩ። ጀርባቸው ላይ ሰንደቅ ሰክተዋል፤ ፈረስ የተቀመጡም አሉ። የአሸብር ፊት በራ።

«አየሽ፣ ሽማግሌ ይዞ መጣ።»

«ጋሼ፣ ስምንት ሺህ ናቸው።»

«አክብሮኝ ነዋ። በሩን ክፈቺላቸው።»

ዮርዲ በሩን የከፈተችው ደንግጣ ይሁን ወይስ ሆን ብላ፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ግንቡ ግን ሻይ ፈልቶ እስኪቀዳ እንኳ አልቆየም። አሸብር የሚነደውን ጣሪያ አፉን ከፍቶ አየ።

«አንዴ ብቻ ጠይቆ?» አለ በመጨረሻ።

ዮርዲ አስረዳችው። ማሽን ነው፣ ሁለተኛ አይጠይቅም። እንቢ ካሉት የእውነት እንቢ ያሉት ይመስለዋል። አሸብር፣ እና ይሄን ማን ነው ያሳደገው አለ። ንዴቱ ሲብስበትም የአሥራ አራት ዓመቱን ታሪክ ዘረገፈላት፤ ሀብተ ወልድን፣ «እንግዲያ እሺ»ን፣ ካልሲውን። ዮርዲ ብሩሿን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ታዲያ ዳኝነቱን ከፈለጉት ለምን እሺ አላሉም?»

አሸብር፣ ስልኩ አላለቀም ወይ ብሎ ጠየቃት።

በዚያው ሳምንት ወሬ መጣ። ሀብተ ወልድ ጉልበቱ አሞታል፤ ዳኝነቱን ሊያስረክብ ነው፤ ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎች ወደ አሸብር ይመጣሉ። አሸብር እንቅልፍ አጣ። ይቺን ዳኝነት የፈለጋትን ያህል ሌላ ነገር ፈልጎ አያውቅም። በእድሩ ድንኳን ፊት ለፊት የምትቀመጠውን ወንበር፣ እሱ ካልተነሳ ሰው የማይነሳባትን፣ በሐሳቡ ስንት ጊዜ ተቀምጦባታል። ዕድሜው ስድሳን ሊደፍን ነው፤ ይቺ ካለፈች ሌላ አትመጣም። በጨዋታውም በመርካቶም አንዳንድ ግንብ ነው የቀረው። ስለዚህ ቆረጠ። ወግ ገደል ይግባ፤ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ «እሺ» ይላል።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ሆነው መጡ። ያገኙት ዮርዲ ዘንድ፣ የቀረችውን ግንብ ሲጠብቅ ነው። ሀብተ ወልድ ከዘራውን ተመርኩዞ ከፊት ገባ። ከኋላው ሐጂ ሙናዊር፣ የጆንያ ነጋዴው፣ በንግግር ማማር የታወቁት። መጨረሻ ላይ እትዬ ደብሪቱ፣ ሚጥሚጣ ሻጯ፣ ነጠላቸው ሥር አንድ ከባድ ነገር አቅፈው። ዮርዲ ወንበር አቀረበች። እንደ ሥርዓቱ ስለ ዝናቡ ተወራ። ስለ ዘንድሮ የማረቆ በርበሬ ተወራ። በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ያለው መንገድ ስለመጨናነቁ ተወራ። አሸብር ረመጥ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ይቁነጠነጣል። ሀብተ ወልድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ አሸብር፣ ዛሬ የመጣነው ስለ ዳኝ...»

«እሺ» አለ አሸብር።



«ምኑን ነው እሺ ያልከው?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«ዳኝነቱን። ተቀብያለሁ።»

ሐጂ ሙናዊር ለአሸብር እንቢታ የሚሰጡትን መልስ ከትናንት ጀምሮ ሲያጠኑ ነበር የቆዩት፤ አሁን እንግዳ እንደቀረበት ድግስ አፋቸው ውስጥ ቀረ። እትዬ ደብሪቱ ከነጠላቸው ሥር ያለውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረጉት። ድንጋይ ነው። በሦስተኛው ልመና አንገታቸው ላይ ተሸክመው እግሩ ሥር ሊወድቁለት ያመጡት።

«እኔ በዚህ ወገቤ ከዚያ ጫፍ እስከዚህ ድረስ የተሸከምኩት ለጌጥ ነው?» አሉ።

ነገር ተበላሸ። ሐጂ ሙናዊር፣ ሹመት ሲያይ እንዲህ የሚዘል ሰው ነገ የእድሩን ብረት ድስት ሲያይ ምን ሊሆን ነው አሉ። ሕዝቡስ ምን ይላል፣ ለምኖ ተሾመ ነው የሚባለው፤ እኛም ሽማግሌ ሳንሆን መልእክት አድራሽ ሆንን። እትዬ ደብሪቱ፣ ግድ የለም፣ አሁንም አልረፈደም፣ እንደ ሰው አንድ ጊዜ እንቢ ይበልና እንደገና እንጀምር አሉ። አሸብር ግን ከእንግዲህ እንቢ የሚባል ቃል ከአፌ አይወጣም አለ። ባለፈው እንቢ ብዬ ስምንት ሺህ ሰው በር ከፍቼ አስገብቻለሁ አላቸው። ሐጂ ሙናዊር ዝግ ባለ ድምፅ ስለ ጤናው ጠየቁት።

ያን ጊዜ ሀብተ ወልድ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረበው።

«አሸብር፣ በሞቴ፣ አንዴ እንቢ በል።»

አሸብር ጆሮውን ተጠራጠረ። አሥራ አራት ዓመት የጠበቃት ቃል ከዚያ ጢም ውስጥ ወጣች፤ መጣች ግን ተገልብጣ። ቢሆንም ጣፈጠችው። ሳያስበው አንገቱን ሰበር አደረገ።

«ኧረ ይቅርብኝ» አለ።

«በሞቴ።»

«ኧረ እኔ እንቢ ለማለት ምን አቅም አለኝ? የሚሻል ፈልጉ።»

«በሞቴ ስልህ። አፈር ስሆን።»

ሦስት ሆነ። ሦስት ጊዜ በሞቴ የተባለ ሰው እጁን ይታጠባል፤ ከዚያ በላይ ነውር ነው። አሸብር ተነሳና የሀብተ ወልድን የኮት ጫፍ በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ፤ ሰውዬው እንደ ያኔው ብድግ ብሎ እንዳይሄድበት። ዓይኑን ጨፈነ።

«እንቢ» አለ፣ ራሱ እንኳ በማይሰማው ድምፅ።

ሀብተ ወልድ ከዘራውን ጨበጠ። ተነሳ። አሸብር ኮቱን ሳይለቅ አብሮት ተጎተተ። ሀብተ ወልድ ቀኝ እግሩን አንዴ አጥፎ ዘረጋና፣ ይሄ ጉልበት ሊገድለኝ ነው ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«በሞ...»

«እሺ» አለ አሸብር።

ሐጂ ሙናዊር መረቁ፤ ያጠኑትንም ንግግር አላስቀሩትም፣ አሁን ከምርቃቱ ጋር አስገቡት። ረጅም ነበር። ሲያበቃ አሸብር የአሥራ አራት ዓመቱን ጥያቄ አወጣ።

«ያኔ ግን ለምን አንዴ ብቻ ጠየቁኝ?»

ሀብተ ወልድ መቼ አለ። ብዙ አሰበ። ኋላ ትዝ አለው። ኮረሪማ የጫነ መኪናው ድልድዩ ላይ መንገድ ዘግቶ ቆሞ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ይጮህ ነበር፤ ሮጦ ሄደ። መኪናውን አስነስቶ ሲመለስ ሰው ጠፋ ብለው ዳኝነቱን እሱ ላይ ጥለውበት ጠበቁት። አሥራ አራት ዓመት አሳሩን አየ። ለመሆኑ አንተ ፈልገኸው ነበር እንዴ ብሎ ጠየቀው።

አሸብር ቂሙን የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገባው። የተሸከመው ነገር ከእትዬ ደብሪቱ ድንጋይ አይቀልም፤ ጠረጴዛው ደግሞ ትንሽ ነው።

ሀብተ ወልድ ወደ ኮምፒውተሩ ዘወር አለ። ጢማሙ መስፍን ስክሪኑ ላይ ተንጎማልሏል።

«ይሄ ሰውዬ ማን ነው? የማውቀው መሰለኝ።»

«አንተ ነህ» አለ አሸብር፣ በፍቅር።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ዮርዲም ሳቀች። ሀብተ ወልድ ግን አልሳቀም። አሥራ አራት ዓመት «እርስዎ» ሲባል የኖረ ሰው ነው፤ ዳኝነቱ ከእጁ በወጣ በአምስተኛው ደቂቃ «አንተ» ተባለ። ከዘራውን አንስቶ ሲወጣ አሸብርን ከላይ እስከ ታች ቀስ አድርጎ አየው፣ የለበሰውንም ሸሚዝ ልብ አለ።

ባለ መስመር ነበር።