ጠያቂው መምህር

«ውጭ የተቀመጠውን ሰውዬ ማን ጠራው?» አለች ታየች፣ የጎረቤቷ ሐዘን ላይ ድምፅ ማሰማት ፈርታ በሹክሹክታ።

«ሬሳውን ከባሕር ያወጣው እሱ ነው አሉ። የራሔይታ ዓሣ አጥማጅ ነው» አለ የሟች ወንድም አበጀ። ግባ ግን አላለውም።

ሐዘን ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የአሰብ ሙቀት ድንኳኑን ምድጃ አድርጎታል። ከወደቡና ከነዳጅ ማጣሪያው የመጡት ለቀስተኞች ላባቸውን እየጠረጉ ስለ ዝውውርና ስለ አበል ያወራሉ። የሟች ሚስት ዓለምዘውድ በድንኳኑ ቀዳዳ አየችው፤ ሽርጥ ያገለደመ የአፋር ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ቁጢጥ ብሏል።

ባሏ መምህር ክንፈ ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነበር። ታሪክ ያስተምራል፤ ልቡን የወሰደው ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ ሰው ምንድን ነው? ከምሳ በኋላ አገሩ ሁሉ ሲያሸልብ እሱ በካናቴራ ተቀምጦ የድሮ ፈላስፎችን ያነብ ነበር።

«ስሚ ዓለም፣ አንዱ ሰው ያለ ንጉሥ ቢተው እርስ በርሱ ይበላላል ይላል። ሌላው ደግሞ ሰው ሲፈጠር ደግ ነበር፣ ያበላሸው ሥልጣኔ ነው ባይ ነው። ሁለቱም ከቤታቸው ሳይወጡ ነው የጻፉት! እኔ ሄጄ አያለሁ።»

ሄደም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በጀልባ ወደ አፋሮቹ መንደር ወደ ራሔይታ ይወርዳል። ሰው ሲጣላ ማን ያስታርቃል? የጉድጓዱ ውኃ የማን ነው? እያለ ይጠይቃል፤ ይጽፋል። አሥራ አንድ ደብተር ሞላ። የአራት ዓመት ልጃቸው ሙሉአለም በወባ የሞተች ቅዳሜም እዚያው ነበር። ሲመለስ ተቀብራ ቆየችው። አላለቀሰም። በሳምንቱ ተመልሶ ሄደ። ዓለምዘውድ ከዚያ ወዲህ በቅጡ አናግራው አታውቅም።

ተነሥታ ወጣች። ሴቶቹ ተያዩ።

«አባቴ፣ እንዴት ነው የሞተው?»

«ጀልባዋ ስትገለበጥ ‹እንጨቱን ያዝ› አልኩት» አለ ሽማግሌው፣ ወደብ ላይ ሲሠራ በለመደው አማርኛ። «እሱ የደብተሩን ከረጢት ያዘ። ከረጢቱ ወደ ታች ሄደ።»

«ሁሉም ጠፉ?»

«ሁሉም።» ቀና ብሎ አያት። «ልጄ፣ ልጅ ነበራችሁ እንዴ?»

«ለምን ጠየቁኝ?»

«አምና አንድ ቀን መጥቶ ‹እናንተ ልጅ ሲሞትባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?› አለን። ለደብተሩ መስሎን ነገርነው፤ ሰው አጠገብህ ይቀመጣል አልነው። ‹ሌላስ?› አለ። ሌላ የለም አልነው። ‹ሌላስ?› አለ ደግሞ። ሦስት ጊዜ። እስክሪብቶውን አላወጣም። እኛም ልጅ ሞቶብህ ነው ወይ አላልነውም።»

አበጀ ሊያስገባት መጥቶ ክንዷን ያዘ። እጁን አስለቀቀችና ከሽማግሌው አጠገብ፣ የሚያቃጥለው አሸዋ ላይ ተቀመጠች።